የበጎቹ ውሾች

የከብቱ እልቂት ባለፈ በሦስተኛው ዓመት፣ በበጋው አጋማሽ ላይ፣ ከአገረ ገዢው ከተማ በላይ የሚታየው ኮረብታ ሣሩ ደርቆ ገርጥቶ ነበር፤ ድሮ በሬና ላም እየተጋፋ ይወርድበት የነበረው ሰፊ መንገድም እሾህ በቅሎበት፣ በመካከሉ በግ የረገጠው ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቶበታል። በሽታው ከጠረፍ ተነሥቶ አገር ለአገር ሲዛመት የቀንድ ከብት የሚባል አላስተረፈም፤ በሬው ከነቀንበሩ፣ ላሚቱ ከነጥጃዋ ወደቀች። ሰው ተራበ፤ አውሬ ግን በዚያው ልክ ጠገበ፤ ሬሳ የለመደው ጅብም ሬሳው ሲያልቅበት፣ ቀድሞ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይሸሽ የነበረው፣ በጠራራ ፀሐይ ከሰው አጥር ሥር ይንጎራደድ ጀመር።

አገረ ገዢው ያን ጊዜ አንድ ደግ ነገር አደረገ፤ ስለዚህ ሰው የሚጻፍ ደግ ነገር ብዙ ስለሌለ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በግዛቱ የተረፉትን በጎች ከየመንደሩ አሰብስቦ የዘር መንጋ ብሎ ሰየማቸው፤ በኮረብታው ወገብ ላይ በድንጋይ የተካበ ጉረኖ አሠራላቸው፤ ከብቱ ላለቀበት ቤተሰብ ሁሉ ግልገል ያስከተለች አንዲት በግ በየተራው እንድትሰጠው በአዋጅ ቃል ገባ። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለው ድሀ ሁሉ ዐይኑን ወደዚያ ኮረብታ እያነሣ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ያን መንጋ ከአውሬ የሚጠብቁት ባለጠመንጃዎች አልነበሩም፤ ሁለት ውሾች ነበሩ፤ አንዲት እናትና አንድ ወንድ ልጇ። የውሾቹ አሳዳጊ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ባሏን በረሃቡ ዘመን የቀበረች፣ ልጅ ያልወለደች፣ አጥንቷ ሰፊ ሴት ነበረች፤ የአገሩ ሰው ዝምታ ይላታል። ስሙን በክፋት አላወጡላትም፤ ሥራዋ ያመጣባት ነው። ከአባቷ የወረሰችው የውሻ አስተዳደግ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበርና። ቡችላው ጥቂት ጠንከር እንዳለ ከእናቱ ይለይና ግልገሏ የሞተባት በግ ታስራ ታጠባዋለች፤ ከበጎች መሐል ይተኛል፤ ከእነርሱ ጋር ይነቃል፤ ሰው አያቅፈውም፣ አይደባብሰውም፣ ስም አያወጣለትም፣ አይጠራውም። ምግቡን የምትሰጠው አሳዳጊ እንኳ የበግ ለምድ ለብሳ፣ ፊቷን አዙራ፣ ገበቴውን በበጎቹ እግር መሐል አስቀምጣ ቃል ሳትተነፍስ ትወጣለች። እንዲህ ያደገ ውሻ በግ ወገኔ ነው ብሎ ያምናል፤ ለወገኑም ይሞታል። ሰውን አይጠላም፤ አይወድምም፤ ሰው ለእርሱ በመንገድ ዳር እንደቆመ ዛፍ ነው። ዝምታም ዕድሜ ልኳን ውሻ ስታሳድግ አንድ ቀን እንኳ የውሻ ራስ ዳብሳ አታውቅም ነበር።

የመንጋው አለቃ ሆኖ የተሾመው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነበር፤ እርሱ ደግሞ በተፈጥሮው ከእርሷ ጋር የማይገጥም፣ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲናገር ታች ከተማ ውስጥ የሚሰማ ሰው በመሆኑ ነጋሪት ይሉታል። የመንግሥት ነጋሪት በሚጎሰምበት ቀን እንኳ ሰዉ፣ "እሱ ነው ወይስ አዋጅ ነው?" እየተባባለ ይጠያየቅ ነበር።

በዚያ በጋ ግን አዋጅ ሆኖ ተገኘ። በከተማው የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ነበርና፤ መጀመሪያ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ፣ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ የፈረስ ጠባቂ፣ ከዚያም የጦሩ መቶ አለቃ ታናሽ ወንድም ተነክሰው ሞቱ። አገረ ገዢው ደነገጠ፤ የደነገጠ ገዢ ሁሉ እንደሚያደርገውም በችኮላ አዋጅ አስጻፈ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ባለው አደባባይ የተነበበው ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ "ባለቤት ያለው ውሻ ባለቤቱ ሲጠራው ይመጣል፤ ሲጠሩት የመጣ ይኑር፤ ሲጠሩት ያልመጣ ግን ባለቤት የለውምና በጥይት ይመታ!"

ሲሰሙት ቀላል የሚመስለው አዋጅ ከአደባባዩ ወጥቶ ሰፈር ሲገባ ውሉ ጠፋ። የልብስ ሰፊው ውሻ የሚሰማው ሚስቱን እንጂ እርሱን አልነበረም፤ ሚስቱ ደግሞ ተጣልታው አባቷ ቤት ከገባች ሰንብታለችና፣ ሰውዬው ለራሱ ሲል ያላደረገውን እርቅ ለውሻው ሲል ሊለምን እየሮጠ ሄደ። ሥጋ ሻጩ ውሻውን ቢጠራ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ግር ብሎ መጣ፤ ወታደሮቹም ምን ይዋጣቸው፣ ሁሉንም የእርሱ ናቸው ብለው ትተውለት ሄዱ። ሰውዬው ከዚያች ቀን ጀምሮ የማያውቃቸው ውሾች ባለቤት ሆኖ ቀረ።

መቶ አለቃው ከወታደሮቹ ጋር ወደ ኮረብታው የወጣው ከተማውን ከጨረሰ በኋላ ነበር። ገና ወደ ጉረኖው ሲጠጉ እናቲቱ ውሻ ከመንጋው ወጥታ በሰዎቹና በበጎቹ መካከል ቆመች፤ አልጮኸችም፤ ቆመች እንጂ። ልጇም በሌላው ወገን ዞሮ ቆመ። ዝምታ ለምዷን እንደ ለበሰች ከጉረኖው ወጥታ እጅ ነሣች።

"እማማ፣ እነዚህ ውሾች የማን ናቸው?" አለ መቶ አለቃው።

"የበጎቹ ናቸው ጌታዬ።"

"በጎቹስ የማን ናቸው?"

"የመንግሥት ናቸዋ።"

"እንግዲያው ውሾቹም የመንግሥት ናቸው ማለት ነው?"

"ኧረ እኔ እንጃ። መንግሥት ቢጠራቸውም አይመጡም።"

ወታደሮቹ ሳቁ፤ መቶ አለቃው ግን አልሳቀም። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ከወንድሙ ቀብር ወዲህ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሲናገርም ቃሉን እየመረጠ ነው።

"እማማ፣ እኔ የበግ ነገር አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ወንድሜ ውሃ ጠምቶት፣ ውሃውን እያየ ሲንቀጠቀጥ ነው የሞተው። እጁን ይዤው ነበር። ከእንግዲህ በዚህ አገር ማንም እንደዚያ እንዲሞት አልፈልግም። እርስዎ ሲጠሯቸው ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?"

"አይመጡም ጌታዬ። እንዳይመጡ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው።"

"እንዳይመጡ?"

"አዎ። ሲጠሩት የሚመጣ ከሆነማ ተበላሸ ማለት ነው።"

መቶ አለቃው ሴትዮዋ የምትቀልድበት መሆኗንና አለመሆኗን መለየት አቅቶት ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። እርሷም በበኩሏ የገዛ መልሷ በጆሮዋ እንግዳ ሆኖባት ቆመች፤ የዕድሜ ልክ ትምክህቷ በአንድ ጥያቄ ጥፋት ሆኖ ሲገኝ ግራ ገባት።

"ከገበያው ቀን በኋላ እመለሳለሁ" አለ በመጨረሻ። "ይሞክሩ እማማ። ከመጡ ደስታዬን አልችለውም። ካልመጡ ግን አዝናለሁ እንጂ አልምርም።"

ወታደሮቹ ከወረዱ በኋላ ነጋሪት ከጉረኖው ካብ ላይ ተቀምጦ ዘለግ ያለ ትምህርት ሰጣት። ምርር ብሎታል፤ ቢመረውም ግን እንደ ልማዱ ይቀልድ ነበር።

"ይኸውልሽ እቱ፣ ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ሥጋ አቅምሺው፣ ስም አውጪለት፣ ይመጣል። ውሻ እኮ ነው! ዳኛ እንኳ በሥጋ ይያዛል።"

"ጋሼ፣ ሰው የለመደ ውሻ ከበግ ጋር ያድራል?"

"ለፈተናው ቀን ብቻ ነዋ! ከዚያ ትመልሺዋለሽ።"

"ይመለሳል?"

"እኔ ምን አውቄ! የሞተ ውሻ ግን ከነጭራሹ አይመለስም።"

ውሾቹ ከተገደሉ ጉረኖው ባዶውን ነው፤ መንጋውም ሳምንት አይከርም፤ በግ የሚጠብቀው ድሀም እጁን አጣጥፎ ይቀራል። ውሾቹን ካስለመደቻቸው ደግሞ የሚተርፈው ውሻ የትኛው ውሻ ይሆን? ወዲህ ብታስብ ገደል፣ ወዲያ ብታስብ ገደል ሆነባት። አባቷ በሕይወት ቢኖር ምን ይል ነበር ብላ አሰበች፤ አባቷ ግን የኖረው ውሻ በአዋጅ በማይጠራበት ዘመን ነበርና ከእርሱ የሚገኝ ምክር አልነበረም።

በማግሥቱ ለምዷን አውልቃ በራሷ ቀሚስ ወደ ጉረኖው ገባች። ሥጋ ያለበትን ገበቴ መሬት ላይ አላስቀመጠችም፤ በእጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ውሾቹ አዙራ ቆመች። እናቲቱ አየቻት፤ ሥጋውን አሸተተች፤ ከዚያም የማይመለከታት ነገር እንደሆነ ሁሉ ተመልሳ ከበጎቹ መሐል ተኛች። ልጅዬው ግን ቆሞ ቀረ። ዝምታ መጥራት አለባት፤ ምን ብላ ትጥራው? ውሻ ጠርታ አታውቅምና አፏ ላይ የመጣላት፣ "አንተ ልጅ" የሚለው ብቻ ነበር፤ ያም ስሙ ሆኖ ቀረ።

"አንተ ልጅ... ና።"

ጆሮውን ቀጥ አደረገ። አንድ እግሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ መጣ። ሥጋውን ከእጇ ሲወስድ የምላሱ ሙቀት መዳፏን ነካውና ደነገጠች።

ብዙ ቀን ይፈጅብኛል ብላ የፈራችው ነገር በማግሥቱ አልቆ ተገኘ፤ ጠዋት ስትመጣ ውሻው በጉረኖው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እያቅማማች እጇን ዘርግታ ከጆሮው ኋላ ዳሰሰችው፤ በጠጉሩ ውስጥ የቆየ ጠባሳ፣ የተሰካ እሾህ፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ ቆዳ አገኘች፤ ይህ ሁሉ ከዐይኗ ሥር ኖሮ አታውቀውም ነበር። ውሻው ዐይኑን ጨፍኖ መላ ሰውነቱን በጭኗ ላይ አስደገፈ። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ የሚላት መሰላት። አንጀቷን በላው፤ ደስም አላት፤ ደስ ስላላትም ፈራች። ለካ ስንት ውሻ በዚህ ጉረኖ ውስጥ እንዲህ ሲናፍቅ ኖሮ አልፏል? ወይስ ይህ አንዱ ብቻ ነው ከመጀመሪያው የተበላሸው? ስታሳድገው ጥፋት ሠርታ ይሆን? ጥፋቱ ያኔ ይሁን አሁን እርሷ ልትለየው አልቻለችም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከገበያው ማግሥት መቶ አለቃው ከወታደሮቹ ጋር ተመለሰ፤ ተራቸውን የሚጠብቁ አያሌ ሰዎችም ወሬውን ሰምተው ተከትለውት ወጡ። ዝምታ ከጉረኖው ራቅ ብላ እንድትቆም ታዘዘች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

"አንተ ልጅ! ና!"

ውሻው ከበጎቹ መሐል ተፈትልኮ እየሮጠ መጣና ከእግሯ ሥር ቆመ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ነጋሪት ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ መቶ አለቃውም ከወንድሙ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ታየ።

"ይሄ ኖረ!" አለ። "ያችኛዋስ?"

ዝምታ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንቺ... ነይ። ነይ እንጂ እናቴ... ነይ በሞቴ..."

እናቲቱ ቀና ብላ አየቻት። ጭራዋን አልወዘወዘችም፤ ጥርሷንም አላሳየችም። ከዚያ ራሷን መልሳ፣ ምጥ ከያዛት አንዲት በግ አጠገብ ጋደም አለች።

ያን ጊዜ ነጋሪት ከሰዉ መሐል ወጣና፣ "ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ!" አለ። "ይቺ ጥሪ አታውቅም ማን አለ? ግልገል ሲጠራት ከየትም ትመጣለች! ጥሪ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? አዋጁ ባለቤቱ ሲጠራው ነው የሚለው፤ የእሷ ባለቤቶች በጎቹ ናቸው!"

"አዋጁ ስለ ሰው ነው የሚናገረው።"

"ሰው ብቻ ይላል? እስቲ ያንብቡት!"

መቶ አለቃው የአዋጁን ግልባጭ ከኪሱ አውጥቶ አነበበ፤ ደግሞም አነበበ። እውነትም ሰው የሚል ቃል አልነበረበትም። ባለቤት ነው የሚለው። ወረቀቱን ወደ ጎን አዘንብሎ አየው፤ ከዳር የቀረ ፊደል ያለ ይመስል። የሞት ፍርድ ሊሰጥ የመጣው ሰው ነገሩ ዞረበትና፣ "እስቲ ግልገል ያስጮኹ፤ እንይ" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረበት።

አንድ ወታደር ጠመንጃውን እንደ ያዘ ከጉረኖው ዳር አንዲት ግልገል በኋላ እግሯ ይዞ አነሣ። ግልገሏ ጮኸች። እናቲቱ ውሻ ካቡን ዘልላ፣ መሬት ለመሬት እየበረረች መጣች፤ እውነትም ተጠራች፤ እውነትም መጣች። በወታደሩ ፊት ስትደርስ ግን ጥርሷን አውጥታ፣ ጠጉሯን አቁማ፣ ግልገሏን ከእጁ ልታስጥል ተነሣች። ወታደሩ የሚያስበው የመቶ አለቃውን ወንድም ነክሶ ስለገደለው ውሻ ወሬ ብቻ ነበር፤ "አበደች!" ብሎ ጮኸ፤ ግልገሏን ጣለ፤ ተኮሰ።

እናቲቱ ዞራ፣ እየተንገዳገደች፣ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ጉረኖው መለሰቻት፤ ከበሩ ገብታ ከበጎቹ መሐል ተኛች፤ ዳግመኛም አልተነሣችም። በጎቹ ጥቂት ሸሽተው ነበር፤ ኋላ ተመልሰው እንደ ልማዳቸው ተጠግተዋት ቆሙ።

"ማን ተኩስ አለህ?" አለ መቶ አለቃው።

"እርስዎ ያሉኝ መስሎኝ ጌታዬ።"

"እኔ እንይ ነው ያልኩት።"

"እኔም አየሁ ጌታዬ... መጣችብኝ..."

መቶ አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከዝምታ ፊት ቆመ። ይቅርታ ሊል እንደ ሆነ ያስታውቃል፤ አዋጅ ያስፈጸመ ሹም ይቅርታ ይላል ወይስ አይልም የሚለውን ግን የሚያውቅ አልመሰለም። እጅ ነሥቶ ወረደ። ዝምታ ደግሞ ዐይኗ ሌላ ነገር ላይ ነበር። እናቱ ስትወድቅ ያ ልጅዬው ውሻ ከቀሚሷ ጫፍ አልተነቃነቀም ነበር፤ ግልገሏ ስትጮህም ጆሮውን ብቻ ነው ያቆመው። ይህን ከእርሷ በቀር ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሻውን ለመመለስ ያላደረገችው የለም። ለምዷን መልሳ ለበሰች፤ ሽታዋን ለይቶ ያውቃልና አልተታለለም። ምግቡን በበጎቹ መሐል አስቀምጣ ፊቷን አዙራ ወጣች፤ ምግቡን ትቶ ተከተላት። በሩን ዘግታበት ሄደች፤ ካቡን ዘልሎ ከቤቷ ደጃፍ ተኝቶ ተገኘ። በመጨረሻ ድንጋይ አነሣች። "ሂድ! ሂድልኝ ወደዚያ!" እያለች ወረወረችበት፤ አንዱ ጎኑን መታው። ወደ ጉረኖው ጥቂት ሄደና ቆመ፤ ወደ እርሷ ዞሮ አየ፤ ወደ በጎቹም ዞሮ አየ፤ ከዚያ በጉረኖውና በቤቷ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ቁጭ አለ። ምን አጠፋሁ እንደሚል ሰው ራሱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ዝምታ ሁለተኛውን ድንጋይ ከእጇ ጣለችና አለቀሰች።

"ተዪው፣ ይለምደዋል" አለ ነጋሪት። ድምፁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከካቡ ወዲያ የማይሰማ ነበር።

አንድ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ሰማዩ ገና መቅላት ሲጀምር ነበር ጅቦቹ የመጡት። ዝምታ የበጎቹን ትርምስ ሰምታ በትሯን ይዛ ስትወጣ ውሻው ከደጃፏ ተነሥቶ ቀድሟት ነበር። ልቧ ሞቀ፤ ተመለሰ፣ ዐወቀ፣ ወገኖቹን ሰማ ብላ ሮጠች። ከጉረኖው ስትደርስ የበሩ እሾህ ተገፍቶ ጅቦቹ ከውስጥ ገብተው ነበር።

"ግባ! አንተ ልጅ፣ ወደ በጎቹ! ወደ በጎቹ!"

ውሻው አልሸሸም። አልፈራም። አንድ ጅብ ወደ በሩ ሲወጣ ጉሮሮውን ይዞ ጣለው፤ ሌላው ሲመጣ ደረቱን ሰጥቶ መለሰው። ነገር ግን ከእርሷ አልራቀም። ዙሪያዋን ይዞራል፤ ወደ ጉረኖው ልትገባ ስትል በደረቱ ይገፋታል፤ በእርሷና በጅቦቹ መካከል ይቆማል፤ እናቱ በሰዎቹና በበጎቹ መካከል ትቆም እንደነበረው፣ ልክ እንደዚያው። ከኋላ በጎቹ ይጮሃሉ። ግልገሎቹ ይጮሃሉ። እርሱ የሚሰማው የእርሷን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርሷም በጮኸች ቁጥር ይበልጥ ይጠጋታል።

በትሯን አንሥታ መታችው። ወገቡን መታችው፤ ደግማ መታችው። "በጎቹን! በጎቹን እንጂ! እኔን ምን አደረገኝ ብለህ ነው!" ውሻው ምቱን ተቀበለ፤ ከፊቷ ግን ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ጅቦቹን ያባረራቸው የነጋሪት ጩኸት ነበር፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ችቦና ቆርቆሮ ይዞ፣ ያን ጉደኛ ድምፁን እየለቀቀ ሲመጣ አውሬዎቹ በካቡ ላይ እየተንጠላጠሉ ወጡ። ሲነጋ ከመንጋው የሚበልጠው እጅ ወድቆ ታየ፤ የተበላው ጥቂት፣ ተቦጫጭቆ የተጣለው ብዙ። በዚያ ሜዳ ላይ አንዲት ጭረት ያልነካት ዝምታ ብቻ ነበረች።

ነገሩ ከአገረ ገዢው እንደራሴ ችሎት ቀረበ። አዳራሹ ጠባብ ነበርና የበግ ተራውን የሚጠብቀው ሕዝብ እስከ ደጅ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

"ውሻው ሸሽቷል?" አለ እንደራሴው።

"አልሸሸም ጌታዬ" አለች ዝምታ።

"ሲጠሩት አልመጣም?"

"መጥቷል።"

"ታዲያ ማንን ሲጠብቅ ነበር?"

"እኔን።"

"ባለቤቱ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"አዎ... ነኝ ጌታዬ።"

እንደራሴው በሁለቱም ወገን የተቀመጡትን ዳኞች አየ። "እንግዲህ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?"

"እኔም እርሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለች ዝምታ። "ፍረዱብኝ። አንድ ሰው እንኳ ይፍረድብኝ።"

ዳኞቹ ተማከሩ፤ የሚፈርዱበት አንቀጽ ግን አጡ። ውሻው አዋጁን ፈጽሟል፤ ሴትዮዋ አዋጁን አክብራለች፤ መቶ አለቃው አዋጁን አስፈጽሟል። እንደራሴው፣ "እንዲህ ያለ ታማኝ ውሻ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም" ብሎ ችሎቱን ዘጋ፤ የተረፉት በጎችም ወደ አገረ ገዢው ግቢ እንዲዘዋወሩ፣ እደላው እንዲቆም አዘዘ። ተራዋ ደርሶ የነበረች አንዲት ሴት ከደጅ ሆና፣ "የእኔ በግስ?" ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አያትና መልሶ አቀረቀረ፤ ሌላም የመለሰላት አልነበረም።

ዝምታ ከዚያ በኋላ ለማንም ውሻ አላሳደገችም፤ ያ አስተዳደግም ከእርሷ ጋር አበቃ። ከዚያ ከአንዱ ውሻዋ ጋር ግን እስኪያረጅ አብራው ኖረች። ትወደው ነበር። መውደዷ ያሳፍራት ነበር፤ ሰው ሲያያት እጇን ከራሱ ላይ ታነሣለች፤ ሰው ዞር ሲል መልሳ ታስቀምጠዋለች። ነጋሪት አንድ ቀን፣ "ባናደርገው ይሻል ነበር ትያለሽ?" ብሎ ቢጠይቃት፣ "ባናደርገው ሁለቱም ይሞቱ ነበር፤ ብናደርገው ደግሞ ይኸው። እኔ እንጃ ጋሼ" አለችው።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ በጋ የጻፉት ጥቂት ነው፤ የጻፉትም ሐሰት የለበትም። አዋጁ ከወጣ ወዲህ በከተማው በእብድ ውሻ የሞተ ሰው አልተገኘም ይላሉ፤ እውነት ነው፤ መቶ አለቃው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚመሰገንበት ሆነ። የዘር መንጋው በአውሬ ምክንያት ተቋረጠ ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው ግን አልተገኘም፤ ብወቅሳቸው ደስ ባለኝ፣ በዚያ ቦታ ብሆን እኔስ አገናኘው ነበር ወይ ብዬ ሳስብ አፌን እይዛለሁ። ስለ እናቲቱ ውሻ አንድ መስመር የጻፈ የለም። ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የቆየው እመቤቱን ከጅብ መንጋ ያዳነው የታማኙ ውሻ ወሬ ሆነ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ኖሮ በኋላ ዘመን በልጆች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ከአጠገቡም ሥዕል ተደረገለት። በሥዕሉ ላይ ሴትዮዋ በትር ይዛ ቆማለች፤ ውሻው ከፊቷ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ ጅቦቹ በዙሪያቸው ናቸው። ሠዓሊው በግ አልሣለም።